ያልቀለጠው በረዶ

ሳጅን ሎሪመር ለሁሉም ነገር ይቸኩላል፤ ኢሜልዳ ለምንም አትቸኩልም። እሱ ወደዚህ የአገሩ ነባር ሕዝብ ወደሆኑት የአቦርጂኖች መንደር ከመጣ አምስት ወሩ ነው፤ እሷ ሃምሳ ስምንት ዓመቷን በሙሉ እዚሁ ኖራለች። ፖሊስንና መንደሩን የምታገናኝ መኮንን እንድትሆን ደጋግሞ ለምኗታል። ቤተሰቧ ግን ፖሊስ የወሰደበትን ሰው ሁሉ የሚያስታውስ ነውና መልስ ሳትሰጠው ሰነበተች።

ያን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከወንዙ ዳር አስጠራት። አንዲት አሮጊት ከድንጋዮቹ ላይ ወድቀው ሞተዋል። ሳጅኑ ስማቸውን ሲጠራ ኢሜልዳ እጇን አነሳች።

«ከሞቱ በኋላ ስማቸው አይጠራም፤ አሮጊቷ በላቸው።»

«ይቅርታ። ዴስመንድን ይዘነዋል፤ ሲገፈትራቸው ባለሱቁ ጋቪን አይቷል።»

ዴስመንድ የኢሜልዳ ታናሽ ወንድም፣ የሟቿም ልጅ ባል ነው። ኢሜልዳ ጎንበስ ብላ የአሮጊቷን ቦርሳ ከፈተች። ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ሽሪምፕ የተባለ ትንሽ የውኃ እንስሳ አለበት፤ በሙቀቱ መሐል ገና እንደ ድንጋይ የጠነከረ በረዶ ነው።

የሟቿ ልጅ ሮንዳ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች።

«ቤት ውስጥ በረዶ ነበራችሁ?»

«ከየት አምጥተን፣ እታለም? የመንደሩ መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው። ጄኔሬተር ያለው ሱቁ ብቻ ነው።»

«እናትሽ ምን አሉሽ?»

«ጋቪን በመንደሩ የተከለከለውን አረቄ ደብቆ እንደሚሸጥ በስብሰባ እናገራለሁ አለች። ‹መጀመሪያ ግን ለራሱ ልንገረው፤ ከጀርባው አላወራም› ብላ ማልዳ ወጣች።»

የመንደሩ ተወላጅ ያልሆነው ጋቪን ሳይጠየቅ ብዙ አወራ።

«ዴስመንድና አሮጊቷ ወንዙ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጨቃጨቁ ከበረንዳዬ አየኋቸው።»

«አሮጊቷ ዛሬ ሱቅ መጥተው ነበር?»

«ከሦስት ሰዓት በፊት አልከፍትም። ሰሞኑንም አላየኋቸውም።»

«ሌላ ቁልፍ የያዘ ሰው አለ?»

«ከእኔ በቀር ማንም የለም።»

ቀትር ላይ ሁሉም በመንደሩ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ኢሜልዳ ተቀምጣ ተናገረች፤ ለመቆም ደክሟት ነበር።

«በእኛ ዘንድ ሰው ከአማቱ ጋር አይቀመጥም፤ አያያትም፣ አያናግራትም። ክብር ነው። ዴስመንድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሳቸው ሲመጡ መንገድ ይቀይራል። ጎን ለጎን ተቀምጠው አየሁ የሚል ሰው አላየም፤ ከራሱ ኑሮ ተነስቶ ፈጥሮታል።»

«የተናደደ ሰው ልማድ ይረሳል» አለ ሳጅኑ።

«ይርሳ እንበል። በረዶውስ? ሽሪምፑ ከማቀዝቀዣ የወጣው ዛሬ ማለዳ ነው፤ ባይሆን ቀልጦ ነበር፤ በረዶ ያለው ሱቁ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ደግሞ አላየኋቸውም አለን።»

ጋቪን ወንበሩ ላይ ሟሸሸ።

«ሽሪምፑን በነጻ ነው የሰጠኋቸው» አለ። «እንዳይናገሩብኝ እየለመንኩ ተከተልኳቸው። እምቢ አሉ። ገፋኋቸው።»

ዴስመንድ ተፈትቶ ቤተሰቡ ከዛፉ ጥላ ሥር ሲሰበሰብ ኢሜልዳ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ሽማግሌው አጎቷ በጎን ተመለከቷት።

«ከዚያ የፖሊስ ልጅ ጋር ስትዞሪ ዋልሽ አሉ።»

«ዋልኩ፣ አጎቴ። ከሰኞ ጀምሮም የፖሊስን ሸሚዝ ለብሼ አብሬው እሠራለሁ። የምታኮርፉ አኩርፉ። ሊይዟችሁ ሲመጡ ግን መጀመሪያ ለእኔ ደውሉ።»