ቢራ ትሸታለች አሉኝ

እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። እኔ ኖሪን፣ በሕይወቴ አንድ ጉንጭ አልኮል ያልቀመስኩት፣ ቢራ ሸተትሽ ተብዬ ተባረርኩ!

እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፣ ቦስተን። ሃርድኮር ፓንክ በሚሉት ጆሮ የሚበሳ ሙዚቃ ያበድን ልጆች ነበርን። ጸጉራችንን ተላጭተን፣ የወታደር ቡትስ ተጫምተን፣ እጃችን ላይ በጥቁር ቀለም ኤክስ እንስላለን። ምልክቱ መጠጥ፣ ሲጋራ፣ ሃሺሽ በደጃችን አያልፍም ማለት ነው። ዝግጅታችን ላይ ቢራ የያዘ ከተገኘ ከእጁ መትተን እናስጥለዋለን።

ግሌንን ያገኘሁት ወድቄ ነው። ስንጨፍር እንጋፋለን፣ እንላተማለን፤ የወደቀን ማንሳት ግን ሕጋችን ነው። የባንዱ ዘፋኝ እሱ ነበር። ከመድረክ ዘሎ ወርዶ በጃኬቴ ኮሌታ ብድግ አደረገኝ።

«ተረፍሽ?»

«መውደቁስ ምንም አይደል፤ የሚገድለው ያንተ ድምፅ ነው።»

ሳቀ። ዓይኑን ሳይነቅል አየኝ፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ዝግጅቱ ሲያበቃ አውቶቡሱን ትተን በእግር ነበር የምንሄደው። አባቴ መጠጥ ቤት እንዳለው፣ እኔም እዚያ ቢራ እንደምቀዳ ነግሬዋለሁ። «የሆድ ጉዳይ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» ብሎኝ ነበር።

አንድ እሑድ የቢራው በርሜል ቧንቧ ፈንድቶ ልብሴን አራሰው። እንዳይረፍድብኝ ሳልቀይር ወደ ዝግጅቱ ሮጥኩ። የቡድናችን አለቃ ነኝ ባዩ ብራድ አጠገቤ ሲደርስ አፍንጫውን ያዘ።

«ይቺ ልጅ ቢራ ቢራ ትሸታለች!»

«የአባቴ መጠጥ ቤት ስሠራ ፈሶብኝ ነው። አልጠጣሁም!»

«ጭራሽ ትሸጫለሽ? አንቺማ ከሚጠጣው የባስሽ ነሽ። ውጪ!»

ወደ መድረኩ ዞርኩ። ግሌን ማይኩን እንደያዘ ያየኛል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው። እሱ መሬት መሬት አየ። ብቻዬን ወጣሁ።

በማግስቱ በመጠጥ ቤቱ ጓሮ፣ በቆሻሻ በርሜሎቹ በኩል ተሽሎክሉኮ መጣ።

«ኖሪን፣ ይቅርታ። ምላሴ ተሳሰረ።»

«ለጩኸት ሲሆን የማይተሳሰር ምላስ! ሰው ሁሉ ፊት አዋርደኸኝ፣ ይቅርታህን ቆሻሻ ሥር ታመጣልኛለህ?»

«ብራድ ካኮረፈ እኮ ልጆቹ ተከትለውት ይሄዳሉ። ባንዱም አለቀለት።»

«እንግዲያው ባንድህን አግባ!»

በሩን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁበት። ከበሩ ጀርባ ግን አለቀስኩ። እወደው ነበራ! ቆሽቴን ያሳረረውም ይኸው ነው።

ሁለተኛ አልረግጥም ብዬ ምዬ ነበር፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን ሄድኩ። ያንኑ ቢራ የፈሰሰበትን ልብስ ለብሼ፣ ሆን ብዬ። ብራድ ደረቱን ነፍቶ በሩ ላይ ተገተረብኝ። ይሄኔ ግሌን ዘፈኑን መሃል ላይ ቆረጠው።

«ስሙኝ! ኖሪን ቢራ ትቀዳለች። አንድም ቀን ግን አልጠጣችም። ባለፈው ስትባረር ዝም ያልኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው። እወዳታለሁ። እሷ ካልገባች አልዘፍንም!»

ብራድ ምራቁን እንትፍ ብሎ ወጣ። ግማሹ አዳራሽ ተከተለው። ጊታር መቺው ሳይቀር ጊታሩን አንግቶ ሄደ። ግሌን ከመድረክ ወርዶ ፊቴ ቆመ።

«ይኸው፣ ባንዱ አለቀለት» አለኝ።

«ገና አልበረደልኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ነገም አይበርድልኝም!»

«ነገም እመጣለሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ።»

እጁን ያዝኩት። ንዴቴ አልወጣልኝ ብሎ ጥፍሬን መዳፉ ላይ ተከልኩበት፤ እሱ ግን እጁን አልሳበም።