ቆጣሪው ጮኾ ነበር

«ተናግሬ ነበር!» አለች ሚጢጢ።

የሰማት የለም። በዚያ ቤት የእሷን ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት የቆየ ልማድ ነው። ጣሪያው ያፈሳል ስትል «ሕልም አይተሽ ነው» ይሏታል፤ ዝናቡ ትራሳቸው ላይ ሲንጠባጠብ ደግሞ ባልዲ ይዛ የምትሮጠው እሷው ናት። ሰው አጭር ሲሆን ጆሮውም ዓይኑም አብሮ የሚያጥር የሚመስለው ስንት አለ!

ትናንት ጠዋት በረንዳው ላይ የተሰቀለው ባለካርድ የመብራት ቆጣሪ ጢጥ ጢጥ ሲል በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች። የተሞላው ሂሳብ ሊያልቅ ሲል እንደዚያ ይጮኻል። እናቷ ቁጥሩን አታነብም፤ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፣ ቁጥሩም የጉንዳን እግር ነው። የምትተማመነው በጩኸቱ ነው። ከጮኸ ሄዳ ታስሞላለች፤ ካልጮኸ ገና አለ ማለት ነው።

«እማዬ፣ ቆጣሪው ጮኸ እኮ!» ብላ ነበር ሚጢጢ።

እናቷ ጫማዋን እያጠለቀች ወደ ልጇ ዞረች። ወደ ሌላኛው ልጇ ማለት ነው። «ዶክተር፣ ጮኸ እንዴ?»

«አልጮኸም። እዚሁ አይደለሁ እንዴ?» አለ ዶክተር።

በቃ። ዶክተር አልጮኸም ካለ አልጮኸም። ሚጢጢ በረንዳ ወጥታ ጆሮዋን ብትቀስር ቆጣሪው እውነትም ዝም ብሏል። ራሷን ተጠራጠረች።

ዶክተር እንግዲህ ታላቅ ወንድሟ ነው። ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ ገና የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነው። ስሙን እናቱ በምኞት አወጣችለት፣ ሰፈሩም ተቀብሎ አጸደቀው። በሽተኛ ያዳነበት ቀን የለም፤ ሳህን ያጠበበትም ቀን የለም።

ዛሬ ታዲያ፣ ቅዳሜ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ፣ ማሽኑ ውስጥ ያሉት አምፖሎች ድርግም አሉ። ማራገቢያውም እንደ ደከመው ሰው ተንፍሶ ቆመ።

ማሽን ሲባል ፋብሪካ የሠራው አይደለም። የተጣለ ፍሪጅ ቀፎ ነው። እናቷ አምፖልና ማራገቢያ አስገጥማ፣ በሩን አስበስታ መስታወት አስገብታ፣ ጫጩት መፈልፈያ አደረገችው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያቀዘቅዝ የኖረ ዕቃ ጡረታ ሲወጣ ለማሞቅ ተቀጠረ። የሰፈሩ ሴቶች እንቁላላቸውን ያመጣሉ፤ እሷ ታስፈለፍላለች፤ ቤቱ የሚያድረው በዚያ ነው። ያለፈው ዙር ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቶ እንቁላሉ ሁሉ ውስጡ ሞቶ ቀረ። ሴቶቹ «ያጋጥማል» ብለው ማሯት። ሁለተኛ የሚምር የለም። ይህኛው ደግሞ ሊፈለፈል ደርሷል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ቅርፊቱን የሚሰብረው ጫጩት አሁን በውስጡ ሙሉ ሰውነት አውጥቶ ይንቀሳቀሳል።

የጎረቤታቸው የጡረተኛው ሬዲዮ ግድግዳውን አልፎ ይዘፍናል። መብራት የጠፋው ሰፈሩ ላይ አይደለም ማለት ነው። እነሱ ቤት ብቻ ነው።

እናቷ በረንዳ ወጥታ ቆጣሪው ላይ እንደ ክፉ ዘመድ አፈጠጠችበት። «አልቋል! እንዴት ነው የሚያልቀው? ጫጩቶቹ እስኪወጡ አብቃቅቼ አይደለም እንዴ ያስሞላሁት? ማን ነው የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ሲጫወት የከረመው?»

ዓይኗ ከዶክተር ላይ አልፎ ሚጢጢ ላይ አረፈ። ያኔ ነው ሚጢጢ «ተናግሬ ነበር!» ያለችው።

«በዚህ ቤት የምታበስለው ማን ናት?» አለች እናቷ።

«እኔ ነኝ፣ ግን…»

«ግን አትበይኝ! ድስቱን ክደኚ፣ ሳይበስል ቀደም ብለሽ አጥፊው፣ የቀረውን የምድጃው ግለት ይጨርሰዋል ብዬ ምላሴ እስኪላጥ አልተናገርኩም?»

«እከድናለሁ እኮ! አጠፋለሁ እኮ! የምሳና የእራቱን አንድ ላይ ነው የማበስለው! ትናንት ቆጣሪው…»

«ወንድምሽ ቁጭ ብሎ ያልሰማውን አንቺ ብቻ ሰማሽ?»

ዶክተር መጽሐፉ ላይ አቀርቅሯል። ገጹን ሳይገልጥ ብዙ ቆየ።

እናቷ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማ የቆጣሪውን ካርድ ከመሳቢያ አወጣች። ቁጣዋ ድንገት ወረደና ፊቷ የሌላ ሴት ፊት መሰለ። «ሚጢጢ፣ የሰው አደራ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሙቀቱን ያዢልኝ። እነዚህ ከሞቱ እኔ በዚህ ሰፈር አንገቴን ቀና አድርጌ አልሄድም። እሱን ደግሞ አትረብሺው፤ ፈተና ደርሶበታል።»

ሄደች።

ሚጢጢ ፔርሙዙን አነሳች። ጠዋት ምድጃው እንደጋለ ያፈላችው ውሃ ነበር፤ ምድጃውን ሁለተኛ ላለመለኮስ ሁሌ እንደዚያ ታደርጋለች። ውሃውን በላስቲክ ጠርሙሶች ሞልታ፣ ካልሲ አልብሳ፣ የማሽኑን በር እጇን በሚያስገባ ልክ ከፍታ ከታች ደረደረቻቸው። ብርድ ልብሷን አምጥታ ማሽኑን አለበሰችው፤ የእናቷን ጋቢ ደረበች፤ የዶክተርን ብርድ ልብስ ልትወስድ ስትል «ኧረ ተይ እንጂ!» አላት። ከሰል ማቀጣጠል አይታሰብም፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ጭሱ እንቁላሉንም ሰውንም ያፍናል።

በመስታወቱ አሻግራ ቴርሞሜትሩን አየች። ቀዩ መስመር ትንሽ ቆም አለ፤ ከዚያ መውረዱን ቀጠለ።

የዶክተር ስልክ ጮኸ። የእናታቸው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። «ሲስተም የለም ይላሉ! ሰልፉ መንገድ ዘግቷል! ሌላ ቦታ ልሞክር ነው፣ ታክሲም ጠፋ። እንዴት ናቸው? ሙቀቱ አለ?»

«አለ፤ ሰላም ናቸው» አለ ዶክተር። ከተቀመጠበት አልተነሳም። ወደ ማሽኑም አልዞረም።

ሚጢጢ ጮኻ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ስልኩ ግን ተዘግቷል።

እየሮጠች ወጥታ የጡረተኛውን በር ደበደበች። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብቅ አሉ።

«ጋሼ፣ መስመር ያውሱን! በመስኮት በኩል ገመድ እንሳብ፣ እማዬ እስክትመጣ ብቻ! እንቁላሎቹ እየቀዘቀዙ ነው!»

ሽማግሌው አልቸኮሉም። «ግቢና ያንን ግድግዳ እዪ» አሉ። ከመስኮቱ ሥር ሶኬቱ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ የመጋረጃው ጫፍ ተቃጥሎ ተጨማዷል። «ባለፈው ሳምንት ወንድምሽ መጥቶ ‹የእኛ አምፖል ተቃጠለ፣ ማጥኛ መብራት ልሳብ› አለኝ። የሚማር ልጅ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ሰጠሁት። አምፖል እንዲህ ያደርጋል? ምድጃ ነው የሰኩበት! እሳት ሊበላኝ ነበር። ብጠይቀው ዓይኑን በጨው አጥቦ ‹እኔ አላውቅም› አለኝ።»

«እኔ… እኔ አልሰማሁም ጋሼ። ስለ እማዬ ብለው።»

«እናትሽን አከብራለሁ። ለዚህም ነው እስካሁን ያልነገርኳት። ግን ውሸታም ከሚሰካው መስመር ጋር ቤቴን አላነካካም። እሱ ራሱ ይምጣ። ምን እንደሰካ በአፉ ይንገረኝ። ያን ጊዜ ገመዱን ራሴ እዘረጋላችኋለሁ።»

«ቢዘገይስ? ቢሞቱስ?»

«ከእኔ በር እስከ እናንተ በር ስንት አገር ነው?» አሉና መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መለሱ።

ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ ዶክተር አልጋ ሄዳ ተንበረከከች። ከሥሩ አንድ ነገር ከሸተታት ስንት ቀኗ ነው፤ ካልሲው ነው ብላ ትታው ነበር። እጇን ሰደደችና መጥበሻ ጎትታ አወጣች። ዘይቱ ረግቷል፤ የድንች ቁርጥራጭ ጎኑ ላይ ተጣብቋል።

«ምን ነካሽ? የሰው ዕቃ ውስጥ…»

«እማዬ ስትወጣ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ድንች ትጠብሳለህ!»

«አታካብጂ! ጓደኞቼ መጥተው ነው። ስናጠና ይርበናል። አንድ ቀን…»

«አንድ ቀን ብቻ ነው ይህ ሁሉ ዘይት? አንዱ ሲመጣ ትጠብሳለህ፣ ሌላው ሲመጣ እንደገና ትለኩሳለህ! ሙሉ ከሰዓት ምድጃው ቀይ ሆኖ ይውላል! የጋሼን ሶኬት ያቃጠልከውም አንተ ነህ!»

ዶክተር ተነሳ። መጽሐፉ ከጭኑ ወደቀ፤ አላነሳውም። «የኛ እንዳያልቅ ብዬ እኮ ነው ከእሳቸው የሳብኩት!»

«ቆጣሪው ጮኾ ነበር» አለች ሚጢጢ። ድምፅዋ ቀነሰ። «ትናንት። ሰምተሃል።»

ዶክተር የወደቀውን መጽሐፍ አየ።

«ሰምተሃል ወይ ነው የምልህ?»

«ወዲያው የቆጣሪውን ቁልፍ ተጫንኩት» አለ። «ሲጫኑት ዝም ይላል። እማዬ ከሰማች ‹በዚህ ፍጥነት እንዴት አለቀ› ማለቷ አይቀርም። ሰኞ ከልጆቹ ጋር አዋጥቼ አስሞላለሁ ብዬ ነበር። እስከዚያ ይቆያል መስሎኝ… እኔ ምን ላውቅ!»

ሚጢጢ ልትመታው ፈለገች። አልመታችውም፤ ዓይኗ መስታወቱ ላይ ነበር። ቀዩ መስመር እናቷ በጥፍር ቀለም ካሰመረችው ምልክት በታች ወርዷል። ጠርሙሶቹን ብትዳስሳቸው ለብ እንኳ አይሉም።

ያኔ ሌላ ነገር አልመጣላትም። ሹራቧን ወደ ሱሪዋ ከተተች፤ ቀበቶዋን አጠበቀች፤ የማሽኑን በር ከፍታ በጣም የቀዘቀዙትን የታችኛውን መደርደሪያ እንቁላሎች አንድ በአንድ ወደ ደረቷ ማስገባት ጀመረች። የመጀመሪያው ሆዷን ሲነካት ተንቀጠቀጠች። በሩን መልሳ ዘግታ ማሽኑን በጋቢው ሸፈነችው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። መነሳት አትችልም፤ ማጎንበስ አትችልም፤ በደንብ መተንፈስም ያስፈራል። ስንቱን በአንድ ሆድ ታሞቃለች? ያልገባው ከገባው ይበልጣል።

«ጋሼ መስመር ይሰጡናል» አለች። «አንተ ሄደህ ምን እንደሰካህ ብትነግራቸው። ሂድ።»

ዶክተር በሩን አየ። ከዚያ አጠገቧ መጥቶ ተንበረከከ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስሚኝ ሚጢጢዬ። እሳቸው ካወቁ እማዬ ታውቃለች። ለእኔ የጥናት ክፍያ ብላ አልጋዋን የሸጠች ሴት ናት። ይህን ብታውቅ ልቧ ይቆማል። አንቺ… አንቺ ነሽ በያቸው። ‹ምድጃውን የሰካሁት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ አያውቅም› በይ። ልጅ ነሽ፣ ይምሩሻል። እማዬም አንቺን ተቆጥታ ይወጣላታል። አሁንስ ቢሆን አንቺ ነሽ ብላ አይደል የሄደችው? ምንም አይጨምርብሽም!»

እውነቱን ነው፤ ክፋቱ ይኸው ነው። ምንም አይጨምርባትም። ጥፋቱ አስቀድሞ ተሰፍቶ በልኳ ተዘጋጅቶላታል፤ መልበስ ብቻ ነው የቀራት። ሁለት ቃል ብትናገር ገመዱ በመስኮት ይገባል፣ አምፖሉ ይበራል፣ ጫጩቶቹ ይተርፋሉ፣ እናቷም ልቧ አይሰበርም። ሚጢጢ እንቁላሎቹን በክንዷ ደግፋ ልትነሳ ጉልበቷን አጠፈች። እስከዚህ ድረስ ደርሳ ነበር።

ቋ።

ሆዷ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ቋ። ከአንዱ ቅርፊት ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ድምፅ «ጺው» አለ። ገና አልወጣም፤ ዓለምን አላየም፤ ግን በርዶታል፣ ይናገራል።

ሚጢጢ ተመልሳ ቁጭ አለች። እጇን በሹራቡ ላይ ቀስ ብላ አሳረፈች። እንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መጥረጊያ እጅ ስላልነበራት ተወችው።

«ሰማኸው?» አለች።

«ምኑን?»

«ይኸውልህ። አሁንም አልሰማህም።»

«ሚጢጢ፣ በእናትሽ…»

«በእናቴማ ነው የምልህ። አልዋሽልህም። ለጋሼም አልዋሽም፣ ለእማዬም አልዋሽም። እኔ ከዚህ አልነሳም፤ ብነሳ ይሰበራሉ። እግር ያለህ አንተ ነህ። ሄደህ አንኳኳ። ‹ምድጃ የሰካሁት እኔ ነኝ› በላቸው። ገመዱን ስበህ ስትጨርስ ለእማዬ ደውል፤ ቆጣሪው ጮኾ እንደነበር፣ ቁልፉን የተጫንከውም አንተ እንደሆንክ፣ ከእኔ ሳይሆን ከአንተ አፍ ትስማ። ‹ሰላም ናቸው› ደግሞ እንዳትላት፤ መጀመሪያ ዞረህ እያቸው።»

ዶክተር አልተንቀሳቀሰም። ከግድግዳው ባሻገር የሽማግሌው ሬዲዮ ዘፈኑን ጨርሶ ሌላ ጀመረ።

«ተነስ እንጂ» አለች ሚጢጢ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «እየቀዘቀዙ ነው።»