ለወለተ ማርያም የተበጠበጠው መድኃኒት

ከዶዮገና የመጣው ባለመድኃኒት ተክለ ሃይማኖት፣ ሊያድናት በመጣላት በሽተኛ ቤት ሞቶ ተገኘ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የተገለጠው ዐይኑ ብሌኑ ሰፍቶ ሌላውን የዋጠው ይመስላል። በሽተኛዋ ወለተ ማርያም ከጎኑ መደብ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«ይሄ ሰውዬ ማነው? ቤት የለውም እንዴ፣ እኔ ቤት የሚተኛ?»

እልፍነሽ እህቷን በክንዷ ከለለቻት። የልጅ ልጆቿን ጊምቢቹ ትታ ሆሳዕና ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ታላቅ እህቷ የልጇን ስም ከዘነጋችና በእንሰቱ መሃል ሾልካ ወደ ወንዝ መውረድ ከጀመረች ወዲህ ከጎኗ ተለይታ አታውቅም። አሁን ግን ጎረቤቱ ሰንሰለት ይዞ በር ላይ ቆሟል። «ያበደችው ናት የገደለችው፤ ትታሰር!» ይላል። እህቷን ካሰሯት አንድ ሳምንት እንደማትቆይ እልፍነሽ ታውቃለች።

የከተማው ዳኛ ባላምባራስ ኃይለመለኮት መጥተው ከሟቹ አጠገብ ያለውን የመድኃኒት ዋንጫ አዩ፤ መድኃኒቱ ወደ ግማሽ ወርዷል። የወለተ ማርያምን ከንፈር አዩ፤ እርጥብ ነው። የሟቹን ቀኝ መዳፍ ገለጡ፤ እስከ አንጓው በመድኃኒቱ ተበክሏል።

«መድኃኒቱ መቼ ተበጠበጠ?»

«ትናንት፣ ጌታዬ» አለ የወለተ ማርያም ልጅ ኃይሉ። «ባለመድኃኒቱ በማር ውሃ ዘፍዝፎ ‹ይደር› ብሎ ጓዳ አስቀመጠው። ጓዳው አይቆለፍም፤ ሁላችንም ወጥተን ገብተናል። ዛሬ ጠዋት ‹ሰው አይግባ› ብሎ ብቻውን ሊያጠጣት ገባ።»

«አንተ ለእናትህ ምን ይሻላል ትላለህ?»

«ጸበል! መንገዱን በእግሯም ቢሆን ልወስዳት ነበር። ባለመድኃኒቱን ያስጠራችው አክስቴ ናት።»

የኃይሉ ሚስት ዘርትሁን ሳትጠየቅ ገባችበት። «ወጥታ ስትጠፋ ማን ነው የሚወቀሰው? እኔ! ወገቧን ከምሰሶው ማሰር ነው። ክፉ ብባልም ልባል።»

«አስረሻት ታውቂያለሽ?»

«አንድ ቀን። አክስት ገመዱን በማጭድ ቆርጠው ጣሉብኝ።»

«እርስዎስ፣ እናቴ?»

«ከቤቷ አትውጣ ነው የምለው» አለች እልፍነሽ። «ጸበሉ ብርድ ነው፣ ደረቷን ይመታታል። ገመዱ ደግሞ ቆዳዋን ይልጠዋል። እንቅልፍ ብቻ ብታገኝ። እሷ ካልተኛች በዚህ ቤት ማን ይተኛል?»

«ባለመድኃኒቱ ሊያጠጣት ሲገባ የት ነበሩ?»

«ጓዳ ጋደም ብዬ። ሸለብ አድርጎኝ ነበር፣ የዘርትሁን ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ደክሞዎት ነበር።»

«እንዴት አይደክመኝ፣ ልጄ!»

ባላምባራስ ጓሮውን ዞረው አንድ ነገር በመሀረብ ቋጥረው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ጥፋተኛውን ለማውጣት ለአውጫጭኝ ከዝግባው ሥር ተሰበሰበ። ባላምባራስ ዋንጫ ሙሉ ውሃ ለወለተ ማርያም አቀረቡ።

«ቅመሰው!» አለች ቆጣ ብላ።

ደንብ ነው፤ የሚጠጣ ነገር ያቀረበ ሰው በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል። ቀመሱ። ወደ አፏ ሲያስጠጉት፣

«ቅመስ እንጂ! ሥርዓት አልተማርክም?»

ደግመው ቀመሱ። ለሦስተኛ ጊዜ «ሳይቀምስ ያቀርባል፣ ይሄ ባለጌ!» ስትላቸው ሰዉ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ።

«አያችሁ» አሉ ባላምባራስ። «ሟቹ እንዲህ ሲቀምስላት ዋንጫውን አጋመሰው። ይህ መርዝ አፍ ያደርቃል፤ የእርሷ ከንፈር እርጥብ ነው። አልጠጣችም፣ አልገደለችም። መዘንጋቷ ነው ያተረፋት።»

«የገዛ መድኃኒቱ ገደለው ማለት ነዋ!» አለ ኃይሉ።

«እየደጋገመ የቀመሰው ስላመነው ነው። እሱ ካስቀመጠው በኋላ ሌላ ሰው ጨምሮበታል።» መሀረቡን ፈቱ። ዘሩ የተራገፈ እሾኻም የአስተናግር ፍሬ ነበር። «ከአጥሩ ሥር አዲስ የተቀጠፈ። ሰው ያስለፈልፋል፣ ያፈዛል፣ ያስተኛል። ኃይሉ ለጸበል መንገድ የምትነሣ እናት ነው የሚፈልገው። ዘርትሁን ገመድ አላት፤ ገመድ ያለው ሰው ማስተኛ አይፈልግም።»

ወደ እልፍነሽ ዞሩ።

«እናቴ፣ ሁለት ዓመት ዐይንዎን ከእርሷ አልነቀሉም። እንግዳ ሰው መድኃኒት ሊያጠጣት ሲገባ እንዴት ጋደም አሉ? እንደምትተኛ ስላወቁ ነው።»

እልፍነሽ ተቀመጠች። «እንድትተኛ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንድትተኛ። ጥቂት መስሎኝ ነው፣ ልጄ፣ ጥቂት...»

«ጠጥታው ቢሆን የምንቀብረው እርሷን ነበር።»

ይህን ስትሰማ ነው ያለቀሰችው።

ለእህቷ የመጣው ሰንሰለት በእርሷ እጅ ላይ ገባ። ወለተ ማርያም አንገቷን አስግጋ አየቻት።

«ይቺ ሴትዮ ማናት? ምን አጥፍታ ነው?»

እልፍነሽ ሲወስዷት ወደ ዘርትሁን ዞረች። «ገመዱን ተይው። ውሃ ስትሰጫት ቅመሺላት። መቶ ጊዜ ብትልም ቅመሺላት።»

ከኋላዋ የወለተ ማርያም ድምፅ ተሰማ። «ቅመሺው እንጂ!»

ዘርትሁን የውሃውን ዋንጫ አንሥታ መዳፏን ዘረጋች።