ጉልት ላይ ድምፅ ያልሰጡት

ሲራክ ጠዋት ወደ ልብስ ማብቀያው ክፍል ሲገባ ሁለት ልብሶች አኩርፈው ነበር። አክናፍ በምትባለው የጠፈር መርከብ ላይ ልብስ አይሰፋም፤ ይበቅላል። ሕያው ልብስ ይሉታል። ገንዳ ውስጥ ከሕዋስ ተነስቶ የለባሹን ገላ እያጠና ያድግና ውጭ ባለው ባዶ ጠፈር ሰውን እንደ ሁለተኛ ቆዳ ይጠብቀዋል። ሲከፋው ይሸበሸባል። ሲራክ እንዲህ ያለውን በሞቀ ውሃና በቁልምጫ ማባበል ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል።

የዚያን ሰሞን ግን እሱን ራሱን የሚያባብለው ጠፍቶ ነበር። የመርከቢቱ የውሃ ጎተራ ተሰንጥቋል። ከፊታቸው ወዳለው፣ ውጭ መውጣት ወደማይቻልበት የአቧራ ቀበቶ ከመግባታቸው በፊት ስንጥቁ ከውጭ ካልተደፈነ ውሃው ሁሉ ጠፈር ላይ ይቀራል፤ ያለ ውሃ ደግሞ መድረስ የሚባል ነገር የለም። ለሥራው ሃያ ልብስ ይፈለጋል፤ የቀረው ሕዋስ የሚበቃው ለአንድ ዙር ብቻ ነው። የወንድና የሴት ልብስ ደግሞ ገና ከዘሩ ይለያል። ለሌላ ገላ የበቀለ ልብስ ትከሻና ዳሌው ላይ አየር ያፈሳል፤ እዚያ ውጭ ያፈሰሰበት ሰው አይመለስም።

እንወጣለን ያሉት የጉልት ሰዎች ናቸው። ጉልት በመርከቢቱ መረብ ላይ ያለ መንደር ነው፤ ቧንቧ የፈነዳበት ይጠይቃል፣ የሚያውቅ ይመልሳል። ስምም ሆነ ፊት አይጠየቅም፤ ሁሉም በቅጽል ስሙ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ከመካከላቸው ስንቱ ወንድ፣ ስንቷ ሴት እንደሆነች የሚያውቅ አልነበረም።

የጥገና ኃላፊው ኢንጂነር ዓለምሰገድ መላ አላጡም። እሳቸው ለምሳ ሽሮ ይሁን ምስር እንኳ ድምፅ ሳያሰጡ የማይቀመጡ ሰው ናቸው። ጉልት ላይ «ወንድ ነዎት ወይስ ሴት?» የሚል መጠይቅ ከፈቱ። ማታውን ውጤቱ ወጣ፤ ከመቶ ዘጠና አንዱ ወንድ ሆነ።

«አሥራ ስምንት የወንድ፣ ሁለት የሴት» አሉት ሲራክን። «ሕዝቡ ተናግሯል። ዛሬውኑ ዝራ።»

ሊዘራ ሲል የገንዳው ሙቀት አልረጋ አለው። እንደ ልማዱ ድልድይን ጠየቀ። ድልድይ ጉልት ላይ አሉ ከሚባሉት ሁሉ የበለጠ አዋቂ ነው፤ ዘግይቶ ይመልሳል እንጂ ተሳስቶ አያውቅም። ሲራክ ሙያውን ግማሽ በግማሽ የተማረው ከሱ ስለሆነ እንደ አባት ይወደዋል። በሐሳቡም ሪዛም፣ ኮስታራ ሽማግሌ አድርጎ ስሎት ነበር። ድልድይ ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ ጨው እንዲጨምር ነገረው፤ ገንዳው ረጋ። ሲራክ በደስታው መሃል ድምፅ ሰጥቶ እንደሆነ ጠየቀው። አልሰጠም። የዚያን ቀን የሕፃናት ክፍሉ አየር ማጣሪያ ተበላሽቶ ሁሉም እዚያ ላይ ተረባርቦ እንደዋለ ጻፈለት፤ መጠይቁም ቢሆን ለሱ የሚሆን ምርጫ እንዳልነበረው ጨመረበት።

የመጨረሻው ነገር ለሲራክ አልገባውም፤ የፊተኛው ግን አስደነገጠው። ባለፉት ዓመታት ጥያቄውን የመለሱለትን ሁሉ ከድምፅ ሰጪዎቹ ዝርዝር አንድ በአንድ ፈለገ። አንዳቸውም ድምፅ አልሰጡም። የሰጡት ቀልድ ሲለጥፉ የሚውሉት ነበሩ፤ አንበሳው የሚባለው እንዲያውም በሰባት ቅጽል ስም ሰባት ጊዜ ወንድ ሆኗል። መጠይቁ የቆጠረው ሥራ ፈቱን ነው። ከማጣሪያው ጋር የታገሉትን ማንም አልቆጠራቸውም።

ሲራክ አልዘራም አለ። ኢንጂነሩ ተቆጡ፤ ቀኑ እየሄደ መሆኑን፣ ውሃው ቢያልቅ ተጠያቂው እሱ መሆኑን ነገሩት። ሁሉም እውነት ነበር። እሱ ግን ጉልት ላይ ጻፈ፦ «የምትወጡ ሰዎች፣ ነገ አዳራሹ መጥታችሁ ተለኩልኝ። ፊታችሁን እንድታሳዩ እየለመንኳችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳላያችሁ ግን ልብስ ላበቅልላችሁ አልደፍርም።»

የሚመጣ አልመሰለውም ነበር። መጡ፤ ያውም ሁለትና ሦስት እየሆኑ። ነጎድጓድ የተባለው፣ ጉልት ሁሉ የሚፈራው ኃይለኛ፣ ሦስት የልብስ ንጽሕና ክፍል ሴቶች ሆኖ እየሳቀ ገባ። በአንድ ቅጽል ስም ወንድምና እህት መጡ። ከሰልፉ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። በመጨረሻ አንዲት ጠና ያሉ ሴትና ባላቸው ቀረቡ፤ የሴትዮዋ ሁለት እጆች በብየዳ እሳት ተቃጥለው ጣቶቻቸው አይታጠፉም። ወይዘሮ ትርፌና አቶ ድንበሩ ይባላሉ።

«ድልድይ ነን» አሉ ሴትዮዋ።

ሲራክ ከአንዱ ወደ ሌላው አየ። «ማንኛችሁ?»

«እውቀቱ የኔ፣ ጣቱ የሱ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፤ ለዚህ ነው የምንዘገየው። ወንድ ወይስ ሴት ሲባል ተጨቃጨቅን ልጄ። እሱ 'ሴት በይ' ይለኛል፣ እኔ 'የሚጽፈው ያንተ እጅ አይደለም ወይ' እለዋለሁ። ሳንስማማ ተዘጋ።»

አቶ ድንበሩ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ አሉ። «ውጭም ስንወጣ እንደዚያው ነው» አሉ። «እሷ ካላየችው አልበይደውም።»

ሲራክ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አላፈረበትም። የሌሎቹን ልብስ እንደየገላቸው ዘራ፤ ለሁለቱ ግን ከአንድ ዘር፣ መዳፍ ላይ የተያያዘ ጥንድ ልብስ አሰበ፤ የሴትዮዋ ክንድ ሲያዘነብል የባላቸው እጅ እንዲሰማው። ገንዳው እንደ ወትሮው የለባሹን ፆታ ጠየቀ። ሲራክ «ሁለቱም» ብሎ መለሰ። ቀዩ መብራት በርቶ ብዙ ቆየ። በኋላ ገንዳው ቀስ ብሎ መሞቅ ጀመረ።

በጥገናው ቀን መርከቢቱ ላይ ከአንድ ሰው በቀር እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ አልነበረም። የማይወጣው መሣሪያ ያቀብላል፣ ውሃ ይገፋል፣ ውጭ የወጡ ሰዎችን ልጆች ይይዛል። ሲራክ በመስኮት ሁለቱን ያይ ነበር፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ወይዘሮ ትርፌ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ አቶ ድንበሩ እየበየዱ። ከሃያው ልብስ አንዱም አላፈሰሰም። ስንጥቁ ተዘጋ።

ኢንጂነር ዓለምሰገድም ቢሆኑ ከስህተታቸው የሚማሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ቢሯቸው ተቀምጠው አሁንስ በትክክል ይሁን ብለው «ሁለቱም» የሚል ምርጫ የተጨመረበት አዲስ መጠይቅ ከፍተው ነበር። ሲራክ የምሥራቹን ሊጽፍ ጉልትን ሲከፍት መጠይቁን አናቱ ላይ አገኘው። ድምፅ የሰጠው ሰው አንድ ብቻ ነው። ውጤቱም አክናፍ ላይ ያለው ሰው መቶ በመቶ ወንድ ነው ይላል።