ከገመዱ ጫፍ ላይ አንዲት ካልሲ

ፀዳል ካልሲዋን ስታይ መጀመሪያ ያደረገችው ዓይኗን ወደ መሬት መመለስ ነበር፤ እንዳላየ ሰው። ግን አይታለች፣ ያውም በደንብ። እነ እስከዳር ቤት ጣሪያ፣ ቴራሱ ላይ፣ ከአንሶላዎቹና ከትራስ ልብሶቹ ተነጥላ፣ ከገመዱ ጫፍ ላይ አንዲት ነጭ ካልሲ በሁለት መቆንጠጫ ተይዛ ትወዛወዛለች።

«ምን ሆነሽ ቆምሽ? ነይ እንጂ፣ ቀለጥን እኮ!» አለች የክፍል ጓደኛዋ እስከዳር የግቢውን በር እየገፋች።

ለሌላ ሰው ካልሲ ናት፤ መንታዋ የጠፋባት ካልሲ። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በየሰው ቤት ተቀጥረው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ግን «ተቸግሬያለሁ፣ ድረሱልኝ» ማለት ነው። የብዙዎቹን ስልክና ፓስፖርት ማዳማቸው «ለራስሽ ደህንነት ነው» ብላ ቆልፋበታለች። ልብስ ማስጣት ግን የሚከለክላቸው የለም። ይህን ምልክት ያወጣችው የፀዳል እናት እታለም ናት። ካልሲዋን ያየ ሰው ሄዶ ለእታለም ይነግራል። ልጅቷም መታየቷን እንዳወቀች ቶሎ ታወርዳታለች፣ ማዳም እንዳትነቃ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእነ እታለም ነው። አርብ፣ ሁሉም በሚያርፍበት ቀን፣ ሦስት ሴቶች ብርቱካን ይዘው በሩን ያንኳኳሉ። «ልጅቷ ታማለች ሲሉ ሰምተን፣ ልንጠይቃት ነው» ይላሉ። ክስ የለ፣ ጩኸት የለ። ገብተው ይቀመጣሉ፣ በዓይናቸው ሳያይዋት ደግሞ ንቅንቅ አይሉም። ንግግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የታመመ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ከደጅ የሚመልስ ብዙ አይገኝም፤ የመለሰም እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያወራበታል።

እታለም ዘዴውን ያገኘችው በራሷ ላይ ደርሶ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለሰው ቤት ሥራ መጥታ አሥራ አንድ ወር ከበር ሳትወጣ ኖረች። ወባ ጥሏት ሳለ፣ ወደብ አካባቢ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ የምትሸጥ አበሩ የምትባል ሴት ወሬውን ሰማች። ሎሚ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች። ለብቻዋ ስትሄድ ሁለት ጊዜ መለሷት። በሦስተኛው ሁለት ሰው ጨምራ ሄደች፣ ያኔ ከፈቱላት። እታለም እስከ ዛሬ «አንድ ሆነሽ ስትሄጂ ለማኝ ይሉሻል፣ ሁለት ስትሆኑ ጠበኛ፣ ሦስት ስትሆኑ ጠያቂ» ትላለች። አባባሉ የራሷ ነው፤ እንደ ተረት ነው የምታወራው።

የፀዳል ድርሻ ማየት ነው። ሌላው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ስልኩን ያያል፣ እሷ የሰው ጣሪያ። ስንት ጊዜ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ጋር ተላትማለች። እስከ ዛሬ ያየቻቸው ሦስት ካልሲዎች ሁሉ ግን የማታውቃቸው ሰዎች ቤት ነበሩ።

ፕላቶ ዱ ሰርፓን በተባለው የሀብታሞች ሰፈር ያለው የእነ እስከዳር ሳሎን ሲገቡበት እንደ ፍሪጅ ነው። አባቷ ትራንዚተር ነው፤ ዕቃ ከወደብ እያስወጣ ወደ አዲስ አበባ ይልካል፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አዲስ አበባ ነው። እናቷ ለፀዳል ጥሩ ሰው ናት። የፈረንሳይኛ ድርሰቷን ታርምላታለች፣ ሲመሽ በመኪናዋ እነ ፀዳል ሰፈር፣ አርሂባ ድረስ ታደርሳታለች፣ «ልጄ» ትላታለች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በእነ ፀዳል ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ደግሞ፣ ያ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ የከምሲን ንፋስ ሲነሳ፣ እንኳን ማጥናት መተንፈስም ያስቸግራል።

እስከዳር ልብስ ልትቀይር ወደ መኝታ ቤቷ እንደገባች ውዴ ውሃ ይዛ መጣች። የቤቱ ሠራተኛ ናት፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ግራ እጇ በፌስታል ተጠቅልሎ አንጓዋ ላይ በላስቲክ ታስሯል።

«አየሻት?» አለች በሹክሹክታ።

ፀዳል በአዎንታ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

የውዴ ፊት በራ። «እግዜር ይስጥሽ የእታለም ልጅ፣ እግዜር ያሳድግሽ!» አለችና ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ወደ ቴራሱ የሚያወጣው ደረጃ ላይ የሸበጧ ድምፅ ተሰማ። ካልሲዋን ልታወርድ ነው። ካሁን በኋላ መንገድ የሚያልፍ ሌላ ሰው አያያትም። የሚያውቅ ሰው ቢኖር ፀዳል ብቻ ናት።

«እጇን ምን ሆና ነው?» ብላ ጠየቀች ፀዳል፣ እስከዳር ስትመለስ።

«ማን? ውዴ? ዘይት ፈንጥቆባት ነው ባክሽ። ሐኪም አይቷታል፣ አታካብጂው።»

«አርብ አርብ ለምንድነው የማትወጣው?»

«ራሷ ነች የማትፈልገው።» እስከዳር የጆሮ ጉትቻዋን ታዞር ጀመር። የቤት ሥራዋን ሳትሠራ መጥታ «ደብተሬን ረስቼው ነው» ስትል እንደምታዞረው። «ምን አስጠየቀሽ? ደግሞ ለእናትሽ እንዳታወሪ! እማዬ ምን እንደምትላት ታውቂያለሽ? ‹በር አንኳኪዋ›። ሃሃ! አትቀየሚ፣ ሙድ ይዛ ነው።»

ፀዳልም ሳቀች። ሳቋ ራሷንም አስጠላት።

ማታ እታለም ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ እንደ ወትሮዋ «ዛሬስ ምን አየሽ?» አለች።

«ምንም።»

ውሸቷ እንደዚያ ቀላል ይሆናል ብላ አላሰበችም። ምክንያትም ነበራት። አምና ሌላ ሰው ባየው ካልሲ፣ በእናቷ ጥየቃ የተነሳ አንዲት የክፍሏ ልጅ አኩርፋ ወንበር ቀይራለች፤ ዓመቱን ሙሉ አጠገቧ የተቀመጠ አልነበረም። ዘንድሮ እስከዳርን ያገኘችው በስንት መከራ ነው። ደግሞስ እናቷ ለሰው ሁሉ ስትሮጥ ለእሷ መቼ ጊዜ ኖሯት ያውቃል? ሸሽታ የመጣች ሴት ባለች ቁጥር ፍራሿን የምትለቀው ፀዳል ናት። የፈተናውን ቀን እናቷ ሁለት ጊዜ ረስታለች፤ የማታውቃትን ሴት የበሽታ ዓይነት ግን አትረሳም። ዝም አይነቅዝም ብላ ተኛች።

አርብ ደረሰ። ከምሳ በኋላ ክፍላቸው ጢም አለ። ዘጠኝ ሴቶች አልጋውም ላይ ወለሉም ላይ ተደርድረው ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ ሌላዋ የአልቃሿን ጸጉር ትሠራለች። ፀዳል ጥግ ይዛ ብርጭቆ ታጥባለች።

«እሺ፣ በዚህ ሳምንት ያያችሁት አለ?» አለች እታለም።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። «የለም፣ ተመስገን» አለች አንዷ። እታለም ወደ ልጇ ዞረች። ፀዳል አንዱን ብርጭቆ ለሦስተኛ ጊዜ ያለቀለቀችው ያኔ ነው። ቀና አላለችም።

እሑድ፣ ጅቡቲ ውስጥ የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት ቀን፣ ከትምህርት በኋላ እነ እስከዳር ቤት ሄደች። ላለመሄድ ሰበብ ፈልጋ ነበር፤ ግን መቅረቷም ያስጠረጥር መሰላት። እስከዳር ስልክ ልታናግር ወደ ውስጥ ስትገባ ውዴ መጣች። ፌስታሉ ያው ነው። ስትጠጋ ግን በረኪና በረኪና ከሚለው ሥር ሌላ ሽታ አለ፣ ሙቀት የነካው ሥጋ ዓይነት። ጣቶቿ ፌስታሉ ውስጥ አብጠው ተጣብቀዋል። ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው ይህን እጅ አላየም።

ፀዳል አሁን ትጠይቀኛለች፣ አሁን ታፈጥብኛለች ብላ ጠበቀች። ምን ብዬ እመልስላት ይሆን እያለች ደብተሯን ገለጠች።

«እታለም ደህና ናት?» አለች ውዴ።

«እ?»

«አርብ እስኪመሽ መስኮቱ ላይ ሆኜ ጠበቅሁ። እሷ ካልሲ አይታ የምትቀር ሰው አይደለችም አሉኝ። ሳትመጣ ስትቀር፣ አሟት መሆን አለበት ብዬ አንድዬን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሻል ብሏታል?»

ውዴ በዚያ እጇ፣ በዚያ ሕመሟ ላይ፣ የምትጨነቀው ለእታለም ነው። «ደህና ናት» አለች ፀዳል። ደብተሯን ሰብስባ ተነሳች። እስከዳር ከኋላዋ «የት ነሽ አንቺ? ገና ሒሳብ አልጀመርንም!» እያለች ስትጣራ ወጥታ ነበር።

ከፕላቶ እስከ ምኒልክ አደባባይ በእግሯ ሄደች፣ ከዚያ ሚኒባስ ያዘች። አርሂባ ስትደርስ እናቷ ከሥራ ተመልሳ እግሯን በሳፋ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። አበሩም ባዶ የሻይ ፔርሙዞቿን ደጃፍ ላይ ደርድራ እያረፈች ነበር።

«እማዬ፣ ማክሰኞ አይቼ ነበር» አለች ፀዳል ቆማ እንዳለች። ካሰበችው ይልቅ አፏ ቀደማት። «ካልሲ። እነ እስከዳር ቤት። ውዴ ናት፣ እጇ ተቃጥሎ... ሸትቷል እማዬ። አየሻት ስትለኝ ራሴን ነቀነቅሁላት። እሷም አወረደቻት።»

«ማክሰኞ» አለች እታለም። በጣቷ ቆጠረች። «አርብ እዚህ ነበርሽ። ጠየቅሁ እኮ።»

«አዎ።»

ፀዳል ጥፊም ጩኸትም ጠብቃ ነበር። እናቷ ቁጡ ናት። እታለም ግን ሳፋው ውስጥ ወዳሉት እግሮቿ አቀረቀረች።

«እኔም አንድ ጊዜ አይቼ ዝም ብያለሁ» አለች። «አንቺ ገና ትንሽ ልጅ ነበርሽ። የአሠሪዬ እህት ቤት ነበር። እንጀራዬን ፈራሁ። ልጅቷን ሁለተኛ አላየኋትም፤ አገሯ ትግባ፣ የት ትግባ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

አበሩ ከደጃፍ ቀና ብላ አየቻት። እሷም ይህን ሰምታ የምታውቅ አትመስልም።

እታለም እግሯን አወጣችና ሳታደርቀው ጫማዋ ውስጥ ከተተችው። «አበሩ፣ ተነሽ።»

«ዛሬ? ዛሬ እኮ እሑድ ነው። ሴቶቹ በሙሉ ሰው ቤት ናቸው። ሁለት ብቻ ሆነን?» አለች አበሩ።

«የሸተተ እጅ አርብን አይጠብቅም። ሁለት ከሆንን ሁለት ነን፤ ጠበኞች ይበሉን።»

እታለም ነጠላዋን አነሳች። የብርቱካኑን ፌስታል ልታነሳ ስትል ፀዳል ቀድማ ያዘችው።

«አንቺ ቅሪ» አለች እናቷ። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ደክሟታል። «ጓደኛሽ ናት። ነገ አንድ ክፍል ነው የምትገቡት። እኔ አንቺን አልጠራሁም ፀዳል።»

«አውቃለሁ» አለች። ፌስታሉን አልለቀቀችም። ልቧ ግን እየፈራ ነው። ነገ ባዶ የሚሆነው ወንበር አሁኑኑ ይታያታል። ፈተናውን የት ሆና እንደምታጠና አታውቅም። እስከዳር ስትስቅ አፍንጫዋ እንዴት እንደሚጨማደድ ትዝ አላትና ዕንባዋ መጣ። ጠረገችው፣ ከዚያ ቀድማቸው ወጣች። ሦስቱም በሚኒባስ ወደ ፕላቶ ሄዱ።

ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከቤቱ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ይሰማል፤ ውዴ ዕቃ እያጠበች ይሆናል። ፀዳል ቴራሱን ቀና ብላ አየችው። ገመዱ ባዶ ነው። እናቷ እጇን ለማንኳኳት ስታነሳ ፀዳል ቀደመቻት።

የከፈተችው እስከዳር ናት። «አንቺ! ምን ነክቶሽ ነው ጥለሽኝ...» ብላ ሳትጨርስ ከኋላ የቆሙትን ሁለት ሴቶች አየች፣ ከዚያ ብርቱካኑን። የብርቱካኑን ትርጉም ለማወቅ ብዙ አልፈጀባትም። እጇ ወደ ጉትቻዋ ሄዶ መሃል ላይ ቀረ።

«ፀዳል፣ በናትሽ» አለች በለሆሳስ። «በናትሽ፣ አሁን አይሆንም።»

«ማነው፣ እስኩ?» የሚል የእስከዳር እናት ድምፅ ከሳሎን መጣ። ያው «ልጄ» የምትለው ድምፅ ነው።

ፀዳል ጓደኛዋን ትኩር ብላ አየቻት። ልትጠላት አልቻለችም፤ ብትጠላት ይቀላት ነበር። ከዚያ ከሳሎኑ አልፎ ወጥ ቤት ድረስ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እኔ ነኝ፣ ፀዳል። ውዴ ታማለች፤ ልንጠይቃት ነው የመጣነው።»

ከውስጥ ሲወርድ የነበረው ውሃ ቀጥ አለ።