ዝም ያለው ነጋሪት

በአዝመራን ምድር ንጉሥ ያለው ሁሉ ይሆናል፤ ሰማይ እንኳ ይታዘዝለታል። ልጓሙ አንድ ብቻ ነው፦ አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰማል፤ ነጋሪቱ ካልጮኸ አዋጁ ይቀራል። ሰላሙን የሚባሉት ደጉ ንጉሥ ድርቅ ላቃጠለው ሕዝባቸው አዝነው «ዝናብ ሳያቋርጥ ይዝነብ!» ባሉ ዕለት ነጋሪቱ ተመትቶ ዝም አለ። በማግስቱ ተሰረቀ ተባለ። በሌላ ተተካ፤ አዲሱ ሲጎሰም ጮኸ፤ ዝናቡም ወረደ።

ዓመት ሙሉ አላባራም፤ በአዲሱ ነጋሪት የታወጀውን ሊሽር የሚችል የተሰረቀው ብቻ ነበር። ቆላው አገር ደምበራ ሐይቅ ሆነ። በጭጋግ ውስጥ እየተጣራች ጀልባዎችን ወደ ዳር የምትመራው ወጣቷ አስካል፣ እናቷን ጎጆ ጣሪያ ላይ ትታ ነጋሪቱን ፍለጋ ተነሳች።

«የእናቴ እግር መሬት እስኪረግጥ ድረስ ዕረፍት አይሁንልኝ!» ብላ ማለች።

መንገድ የመራት የንጉሡ የቀድሞ አሽከር፣ ሽማግሌው መርዕድ ነበር። ሳትለምነው ለምን አብሯት እንደመጣ አልገባትም። በዘጠነኛው ቀን ድምፅ የሚበላ ዘንዶ ነጋሪቱን ታቅፎ የተኛበት ዋሻ ሲደርሱ ሽማግሌው ተንበረከከ።

«ልጄ፣ ሰርቄ እዚህ የደበቅኩት፣ ‹ሌባ ወሰደው› ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ጃንሆይ ናቸው ያዘዙኝ። ‹ለሕዝቤ ክፉ አስቤ አላውቅም፤ ታዲያ የከበሮ ቆዳ ምን አግብቶት ይከለክለኛል?› አሉኝ። ከልባቸው ነበር፤ እኔም አመንኳቸው።»

አስካል ልትመታው እጇን አነሳች። ግን እሷም የኚህን ንጉሥ ደግነት እየዘፈነች ነው ያደገችው። እጇን መለሰችው።

ዘንዶው ዓይኑን ገለጠ። «ድምፁን በልቼዋለሁ። ዳግም እንዲጮኽ ከፈለጋችሁ የሰው ድምፅ ይግባበት።»

«የእኔን ውሰድ!» አለ መርዕድ።

«ያንተ ዋሽቷል። የዋሸ ድምፅ እዚህ አይገባም።»

አስካል ፈራች። ወደ መርዕድ ዞረችና «አባቴ፣ ‹እማዬ› ያልኩት በዚህ ድምፅ ነው። ከእንግዲህ ልጠራት እንደማልችል ለእናቴ ንገርልኝ» አለች። ድምፅዋ ነጋሪቱ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣትም።

ነጋሪቱን ይዘው ንጉሡ ዘንድ ሲመለሱ መርዕድ በአደባባይ ሁሉን ተናዘዘ። ንጉሡ የጨቀየውን የልጅቷን እግር አይተው አለቀሱ።

«ዝናቡ ይቁም!» አሉ።

አስካል ጎሰመች። ነጋሪቱ ጀልባ በምትጠራበት በዚያው በራሷ ድምፅ ጮኸ፤ ሰማዩም ጠራ። ሕዝቡ እልል አለ። የንጉሡ ልብ ግን አላረፈም።

«የዚህች ልጅ ድምፅ ይመለስላት!»

አስካል ከዚህ የበለጠ የምትሻው ነገር አልነበረም። መምቻውን በሁለት እጇ ይዛ ባላት ኃይል መታች። ነጋሪቱ ዝም አለ። ደግማ መታች፤ እያለቀሰች ሦስተኛ መታች፤ ዝም።

ንጉሡ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ነጋሪቱን አዩት፣ ልጅቷን አዩዋት፣ ከዙፋናቸውም ቀስ ብለው ወረዱ።

«አዋጁ ቀርቷል» አሉ።

አስካል ደምበራ ስትደርስ ውኃው ሸሽቶ ነበር። እናቷ ጭቃው ላይ ቆማለች።

«አስካሌ! አንቺ ነሽ? ምነው ከሩቅ ሳትጠሪኝ?» አለች።

አስካል ሮጣ አቀፈቻት። መርዕድ ከኋላ ደረሰ፤ የተላከውን ቃል ሊናገር ግን አንደበቱ አልታዘዝ አለው።