ከውጭ የተቆለፈው ጋራዥ

የቢቸናው መካኒክ አምላኩ የሞተው መኪና ከሥር በሚሠራበት በገዛ ጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በላዩ የቆመው ፒክአፕ የመውረጃውን ደረጃ ግማሹን ስለሸፈነው ኢንስፔክተር ሰሎሜ ወደ ሬሳው ለመድረስ በጎኗ ሾልካ መውረድ ነበረባት። የሟቹ ማጅራት በከባድ ብረት ተመትቷል። የተመታበት ረጅም መፍቻ በናፍጣ ታጥቦ ግድግዳው ላይ፣ ከወትሮ ቦታው ተሰቅሏል።

«ስንት ሰዓት ላይ ሞተ?»

«ከሦስት እስከ ስድስት ባለው» አለ ከቢቸና ጤና ጣቢያ የመጣው ባለሙያ። «ከዚህ በላይ ማጥበብ አልችልም።»

ሰሎሜ ቀና ብላ ሞተሩን በባትሪ አየችው። ፊቱ ተፈቷል። የፊቱ መዘውር ፑሊውና የሞተሩ ቀበቶ ታይሚንግ ቤልቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ የክራንክ ሻፍቱን፣ ጫፍ አቅፎ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ መካኒኮች ኦይል ሲል የሚሉት፣ ከቦታው የለም። ጠረጴዛው ላይ ፈለገችው። የቆሻሻውን በርሜል አስገለበጠች። የጉድጓዱን ወለል በእጇ ዳሰሰች። አሮጌው ሲል የትም አልነበረም።

ሬሳው ከተገኘበት ከስድስት ሰዓት ወዲህ በሩን ፖሊስ ስለያዘው ከፖሊስና ከጤና ባለሙያው በቀር ወደ ውስጥ የገባ ሰው የለም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የፒክአፑን ባለቤት፣ የሞጣውን ነጋዴ እንድሪስን ነበር።

«አራት ቀን ሙሉ ቢቸና ላይ ታገትሁ!» አሉ። «አምላኩ ‹እንዲህ ዘይት እያፈሰሰ ሞጣ አይደርስም› እያለ። ዛሬ ጠዋት በስልክ ተጣልተናል፤ አልክድም። በአራት ሰዓት ከሩብ ስመጣ በሩ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ደጁ ላይ ተቀመጥሁ።»

«ከውጭ ነው የተቆለፈው?»

«ከውጭ። እስከ ስድስት አልተነሣሁም። ማንም አልገባ፣ ማንም አልወጣ፤ ከውስጥም ኮሽታ አልሰማሁ። ከዚያ ሚስቱ ምሳ ይዛ መጣች፤ ከፍታ ገባች።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወዲያው አልጮኸችም፣ ኢንስፔክተር። እንቁላል እስኪቀቀል ያህል ቆይታ ነው የጮኸችው።»

የሟቹ ሚስት ፀሐይነሽ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ነበር።

«ሳይጮኹ ለምን ቆዩ፣ እትዬ ፀሐይነሽ?»

«ቆሜ አየሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ልቅሶ አልነበረም። ‹አለቀ› ነው ያልሁ። ቁልፉ ያለው ከሱ፣ ከኔና ከረዳቱ ከስጦታው ዘንድ ነው። ስጦታው ሞጣ ነበር። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ። አገሩም እንደዚያው ነው የሚለው።»

ስጦታው ከአምላኩ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የሠራ መካኒክ ነው። ከሞጣ የተመለሰው በአሥር ሰዓት ሲሆን ፖሊስ ከደጁ ላይ አስቁሞታል።

«አዲስ ሲል ቢቸና ጠፋ። ልገዛ በአራት ሰዓት ተሳፈርሁ» አለ። «ስወጣ ደኅና ነበር። ከየት እንደሚያፈስ ሊያይ ሞተሩን አስነሥቶት ነበር፤ ድምፁን እየሰማሁ ነው የወጣሁ። ‹ሰው እንዳይረብሸኝ ቆልፍልኝ› አለኝ፤ ቆለፍሁ።»

«የሲሉን ልክ እንዴት አወቅህ?»

«በቃሌ ነው የማውቀው።»

ሰሎሜ ወደ ሞጣ ስልክ ደወለች። በአሥራ አንድ ሰዓት ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ እንድሪስ እንዳሉት ከአራት ሰዓት ከሩብ እስከ ስድስት ማንም አልገባም» አለች። «ስለዚህ አምላኩ በአራት ሰዓት በሕይወት ከነበረ ገዳይዋ እትዬ ፀሐይነሽ ናቸው፤ ሌላ መንገድ የለም። በሕይወት ነበር የሚለን ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ስጦታው ዞሩ።

«ከዚህ ሞተር ላይ አሮጌው ሲል ወጥቷል፤ እዚህ ቤት ውስጥ ግን የለም። ሞጣ ያለችው የመለዋወጫ ነጋዴ ሳብሪያ በስልክ እንደነገረችኝ፣ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አስተያይተህ ነው የገዛኸው። አሁንም ኪስህ ውስጥ ይመስለኛል።»

ፖሊሱ ፈተሸው። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ዘይት የጠገበና ጠርዙ የተሰነጠቀ ጥቁር ቀለበት ወጣ።

«ለናሙና መውሰድ ወንጀል ነው?» አለ ስጦታው።

«አይደለም። ግን ይህ የሚወጣው ፑሊው ተፈቶ፣ ቤልቱ ወርዶ ነው። ጋሽ እንድሪስ፣ ያለ ቤልት ይህ ሞተር ይነሣል?»

«በጭራሽ!»

«በአራት ሰዓት ሲሉን ይዘህ ከወጣህ ሞተሩ በአራት ሰዓት አልተነሣም። ያልተነሣ ሞተር ሰማሁ ያልኸው ሙቱን ሰው በሕይወት ለማቆየት ነው። ደግሞስ በተዘጋ ቤት ሞተር አስነሥቶ ከውጭ ቆልፉብኝ የሚል መካኒክ ማን አለ? ጭሱ ይገድለዋል። ከውጭ የተቆለፈበት ከእንግዲህ የማይወጣ ሰው ስለሆነ ነው።»

ስጦታው ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ሥራ በጀመርሁ ሰሞን፣ እኛ የጠገንነው፣ ግንደወይን ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት የተገለበጠ የጭነት መኪና ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሦስት ሰው ሞተ። አምላኩ ‹የፍሬኑን ቱቦ ያላጠበቅኸው አንተ ነህ፤ እኔ ዝም እላለሁ፣ አንተም ከዚህ አትሄድም› አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት! ዛሬ፣ ሲሉን አውጥተን እንደጨረስን፣ ሞጣ የራሴን ጋራዥ ልከፍት ነው አልሁት። ሳቀ። ‹ሂድ፤ እኔም ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። መፍቻው እጄ ላይ ነበር።»

«አጥብቀኸው ነበር» አለች ፀሐይነሽ።

ስጦታው ቀና አለ።

«ቱቦውን አንተ አጥብቀኸው ነበር። አንተ ከሄድህ በኋላ ከፍሬኑ ውስጥ አየር ላስወጣ ብሎ ራሱ ፈታው፤ መልሶ ማጥበቁን ረሳ። ታሞ ሞት በፈራ ጊዜ ነገረኝ። ሲድን ‹ከተናገርሽ ልጆችሽን አታዪያቸውም› አለኝ። ይኸው ስምንት ዓመት።»

«ስምንት ዓመት» አለ ስጦታው። «በየቀኑ ምሳ እያቀረቡልኝ?»

ፀሐይነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ፖሊሱ እጁን ይዞ ሲያስነሣው እንኳ ዓይኑን ከሷ ላይ አልነቀለም።

በማግሥቱ ቀብሩ እንዳበቃ፣ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እየጠበቃት ፀሐይነሽ ብቻዋን ወደ ፖሊስ ጣቢያው መጣች። ሰሎሜ ወንበር ሳበችላት፤ ወረቀትም አወጣች።

«ቃሌ ይጠቅመዋል?»

«ፍርዱን ያቀልለት ይሆናል። ነፍስ ማጥፋቱን ግን አያስቀርም። እርስዎም ስለ ዝምታዎ ይጠየቃሉ።»

«ልጠየቅ» አለች ፀሐይነሽ። «ጻፊው ልጄ፤ እነዚያን ሦስት ሰዎች የገደለው ስጦታው አልነበረም።»